ሣር የለበሰ ሜዳ የጠፋ ደን አይደለም፦ የሕያዋን ማኅበረሰቦችና የዓለም ዋና ዋና ባዮሞች

በ2022 መገባደጃ በካናዳ ሞንትሪያል የተሰበሰቡ የዓለም አገሮች ሁለት ትልልቅ ቃሎችን ገቡ። አንደኛው እስከ 2030 ድረስ ከየብሱና ከባሕሩ 30 በመቶውን ለመጠበቅ፣ ሁለተኛው ከተጎዱት ሥነ ምህዳሮች 30 በመቶው እንዲያገግም ሥራ ለመጀመር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ «ተፈጥሮን ወደነበረችበት መመለስ» የሚለው ሐረግ ከዜና አልጠፋም። ግን የምትመለሰው ወደ ምን ነው? የተራቆተው መሬት ቀድሞ ደን ነበር ወይስ ሣር? ዛፍ የማናይበት ስፍራ ሁሉ ዛፍ የጎደለው ስፍራ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልሱ በቅን ልቡና የተጀመረ ሥራ ሊያድነው የተነሣውን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

መልሱን ለማግኘት በአንድ ስፍራ አብረው የሚኖሩ ሕያዋን እንዴት እንደተሳሰሩ ማወቅ ይገባል። የምድር ልዩ ልዩ ክፍሎች ለምን የተለያየ ሕይወት እንደሚያበቅሉም እንዲሁ።

የሕያዋን ማኅበረሰብ ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ኩሬ እንውሰድ። በውስጡ ያሉት የአንድ ዓይነት ዓሣዎች በሙሉ የአንድ ዝርያ ስብስብ ናቸው። ዓሣዎቹን ከእንቁራሪቶቹ፣ ከነፍሳቱ፣ ከውሃ ውስጥ ዕፅዋቱ፣ በዓይን ከማይታዩት ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር አንድ ላይ ስናያቸው የሕያዋን ማኅበረሰብ ይባላሉ። በዚህ ላይ ሕይወት የሌላቸውን ነገሮች፣ ማለትም ውሃውን፣ ጭቃውን፣ ብርሃኑንና ሙቀቱን ስንጨምር ሥነ ምህዳር ይሆናል። ሕያዋኑንና ግዑዙን ነገር እንደ አንድ ሥርዓት የሚያየውን ይህን አጠራር በ1935 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አርተር ታንስሊ ነበር።

ባዮም ከዚህ ሁሉ ይሰፋል። ተመሳሳይ የአየር ንብረት ያላቸው፣ በዚያም ምክንያት ተመሳሳይ መልክ ያለው ሕይወት የሚያበቅሉ ሰፋፊ የምድር ክፍሎች፣ በየትኛውም አህጉር ቢገኙ፣ አንድ ባዮም ይባላሉ። ሳቫና፣ ማለትም ዛፎች ተራርቀው የቆሙበት የሣር ምድር፣ አንድ ባዮም ነው፤ በአፍሪካም ቢሆን በደቡብ አሜሪካም ሆነ በአውስትራሊያ።

እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስራቸው ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት ምግብ ነው። ዕፅዋት የፀሐይን ብርሃን፣ ውሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወስደው ምግብ ያመርታሉ። ሣር በል እንስሳት እነርሱን፣ ሥጋ በሎች ደግሞ ሣር በሎቹን ይመገባሉ። የሞተውን ሁሉ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች አበስብሰው ወደ አፈር ይመልሱታል። ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ሲታለፍ አብዛኛው ጉልበት በሙቀትና በኑሮ ይባክናል፤ ወደሚቀጥለው የሚሻገረው በአማካይ ወደ 10 በመቶ ብቻ ነው። በአንድ ሜዳ ላይ ሣሩ የማያልቅ፣ ድኩላው ብዙ፣ አንበሳው ግን ጥቂት የሚሆነው ለዚህ ነው። አንበሳ ስለተፈራ ወይም ስለታደነ ብቻ አይደለም የሚያንሰው፤ ብዙ አንበሳ የሚመግብ ጉልበት እዚያ እርከን ላይ ፈጽሞ አይደርስም።

ግንኙነቱ ግን በመብላትና በመበላት አያበቃም። ለአንድ ብርሃን፣ ለአንድ ውሃ የሚሻሙ አሉ። በሌላው ገላ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ጥገኞችም አሉ። ተጠቃቅመው የሚኖሩት ደግሞ ከምንገምተው በላይ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የየብስ ዕፅዋት ሥሮቻቸው ላይ ከሚኖሩ ፈንገሶች ጋር ይለዋወጣሉ፦ ፈንገሱ ከአፈር ውሃና ማዕድን ያቀብላል፣ ተክሉ ስኳር ይከፍላል። በሞቃታማ ባሕሮች ውስጥ ኮራል የምትባለው ትንሽ እንስሳ ገላዋ ውስጥ ያስጠለለቻቸው አልጌ የሚባሉ ዕፅዋት መሰል ረቂቅ ሕያዋን በብርሃን ምግብ ይሠሩላታል። ኮራሎች የሚገነቧቸው ድንጋዮች ከባሕር ወለል ከ1 በመቶ በታች የሚሆነውን ቢይዙም ከባሕር ዝርያዎች ሩብ ያህሉ በእነርሱ ዙሪያ ይኖራል። ውሃው ከልኩ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹ ይወጣሉ፣ ኮራሏ ትነጣለች። ሙቀቱ ከቀጠለ ትሞታለች፤ እርሷን የተጠለለውም ሁሉ ቤት ያጣል።

አንድ ዝርያ ብቻ ቢጠፋ ምን ይመጣል?

እንደ ዝርያው ነው። ከቤት ግድግዳ አንድ እንጨት ቢነቀል ቤቱ ሊቆም ይችላል፤ ምሰሶው ቢነቀል ግን ይወድቃል። በሕያዋን ማኅበረሰብ ውስጥም የምሰሶን ያህል ክብደት የተሸከሙ ዝርያዎች አሉ፤ የሚያስገርመው ደግሞ ቁጥራቸው ብዙ ላይሆን መቻሉ ነው።

ይህን በሙከራ ያሳየው አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሮበርት ፔይን ነበር። በ1963 በዋሽንግተን ግዛት ባለ የውቅያኖስ ዳርቻ ላይ ከአንድ የተወሰነ ዓለት የባሕር ኮከቦችን እየለቀመ መጣል ጀመረ፤ አጠገቡ ያለውን ዓለት ግን አልነካም። የባሕር ኮከብ ዓለት ላይ የሚጣበቁ ባለ ቅርፊት እንስሳትን ይበላል። በሊታቸው ሲጠፋ እነዚህ እንስሳት ዓለቱን ወረሩት፣ ሌሎቹ መቆሚያ አጡ፤ በዓለቱ ላይ ከነበሩት 15 ዝርያዎች የቀሩት 8 ሆኑ። ብዙዎችን አብሮ ያኖራቸው የነበረው በሊታው ነበር ማለት ነው። ፔይን እንዲህ ያለውን ዝርያ «ቁልፍ ዝርያ» ብሎ ሰየመው።

ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ በሰሜን ፓስፊክ ተፈጽሟል። የባሕር ኦተር የሚባለው ባለ ጠጉር አጥቢ እንስሳ ለቆዳው ሲባል በ18ኛውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሊጠፋ እስኪደርስ ታደነ። ኦተር የባሕር ጃርት የሚባለውን ትንሽ እሾሃማ የባሕር እንስሳ ይበላል፤ የባሕር ጃርት ኬልፕ የሚባለውን ግዙፍ አልጌ ይግጣል። ኦተሩ ሲያልቅ ጃርቱ በዛ፣ ለዓሣዎች መጠለያ የነበረው የኬልፕ ደንም ተግጦ ባዶ ዓለት ቀረ። በ1911 የተፈረመው ስምምነት አደኑን ከከለከለ በኋላ ኦተሩ በተመለሰባቸው ዳርቻዎች ኬልፑም ተመልሷል።

በምሥራቅ አፍሪካ ያለው የሴሬንጌቲ ሜዳ ታሪክ ግን ከሁሉም የረቀቀ ነው፣ ምክንያቱም ምሰሶውን ያናጋው በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። ደስታ ወይም ሪንደርፔስት የሚባለው የከብት ወረርሽኝ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአፍሪካ ከተዛመተ ወዲህ ዋይልድቢስት የሚባለውን የሜዳ እንስሳም ይፈጅ ነበር። በዙሪያው ያሉ ከብቶች ሲከተቡ በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ 250,000 ገደማ የነበረው የዋይልድቢስት ቁጥር በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህ ሁሉ መንጋ ሣሩን ስለሚግጠው ለሰደድ እሳት የሚተርፍ ደረቅ ሣር አነሰ። እሳቱ ሲቀንስ ችግኞች ማደግ ቻሉ፣ ዛፉም በዛ። ለከብት የተሰጠ ክትባት በዛፍ ብዛት ላይ ለውጥ አመጣ ማለት ነው። በሽታው በ2011 ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታውጇል።

የፈረሰ ማኅበረሰብ መልሶ ይገነባል?

ብዙ ጊዜ አዎ፣ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። በነሐሴ 1883 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የሚገኘው የክራካታው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ከደሴቷ የቀረውን መሬት በትኩስ አመድ ቀበረው። ከዘጠኝ ወር በኋላ የደረሱ ተጓዦች ያገኙት ሕይወት ነፋስ ያመጣት አንዲት ትንሽ ሸረሪት ብቻ ነበረች። ቀጥሎ አልጌና ፈርን የሚባለው አበባ የሌለው ተክል መጡ፣ ሣር ተከተለ፣ ነፋስ፣ ማዕበልና ወፎች ያመጡት ዘር በቀለ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ ደሴቲቱ ደን ለበሰች። እያንዳንዱ መጪ ለሚቀጥለው መሬቱን ያዘጋጃል፤ ሣሩ ያበለጸገው አፈር ላይ ዛፉ ይበቅላል፣ የዛፉ ጥላ ደግሞ ሣሩን ያስወግደዋል። ይህ ሂደት መተካካት ይባላል።

እዚህ ላይ ሳይንቲስቶች ለረዥም ጊዜ ተከራክረዋል። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬደሪክ ክሌመንትስ በ1916 ማኅበረሰቡን ተወልዶ እንደሚያድግ አንድ አካል ቆጠረው፦ በእርሱ አስተያየት እያንዳንዱ የአየር ንብረት አንድ የመጨረሻ መዳረሻ አለው። የአገሩ ልጅና የሙያ አጋሩ ሄንሪ ግሊሰን በ1926 ይህን ተቃወመ። እርሱ እንደሚለው እያንዳንዱ ዝርያ የሚኖረው የሚስማማውን ስፍራ ፈልጎ ነው፤ አብረው የተገኙትም ፍላጎታቸው ስለተገጣጠመ ነው። በሐይቅ ጭቃ ውስጥ ተጠብቆ የቆየ ጥንታዊ የአበባ ብናኝ ሲመረመር ለግሊሰን የሚያደላ ማስረጃ ወጣ። ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ የዛፍ ዝርያዎች ወደ ሰሜን የሄዱት በጅምላ ሳይሆን እያንዳንዱ በየራሱ ፍጥነትና አቅጣጫ ነበር። የክሌመንትስ ሐሳብ ግን በሰዎች አእምሮ ውስጥ ዛሬም አለ። ሣርን ሁሉ ገና ደን ያልሆነ፣ ቁጥቋጦን ሁሉ ያልጨረሰ ዛፍ አድርገን የምናየው ከዚያ በተረፈ ልማድ ይመስለኛል።

ታዲያ አንዱ አገር ደን፣ ሌላው በረሃ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሁለቱ ዋና ገዢዎች ሙቀትና ዝናብ ናቸው። ሮበርት ዊታከር የተባለው አሜሪካዊ አማካይ ሙቀትን በአንድ መስመር፣ ዓመታዊ ዝናብን በሌላው አድርጎ በሣለው ሥዕል ላይ የዓለም ባዮሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስፍራ ይይዛሉ። የሙቀትና የዝናቡ ሥርጭት ደግሞ የዘፈቀደ አይደለም። በምድር ወገብ ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምታርፍ እርጥብ አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቅዞ ዝናቡን እዚያው ያወርዳል። ደርቆ የቀረው አየር ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ተጉዞ በ30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ይወርዳል። የምድር ካርታ ሲታይ የአማዞን፣ የኮንጎና የቦርኒዮ ደኖች በምድር ወገብ ላይ፣ ሰሃራ፣ የዓረቢያ በረሃ፣ ካላሃሪና የአውስትራሊያ በረሃዎች ደግሞ በሁለቱ የ30 ዲግሪ መስመሮች አቅራቢያ የተሰለፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታም የራሱን ሥራ ይሠራል። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1802 በኢኳዶር የቺምቦራዞን ተራራ ሲወጣ ከታች ሞቃታማ ደን፣ ከላይ የዋልታን የሚመስል ብርዳማ ምድር አይቶ ዕፅዋቱን በየከፍታቸው መዘገበ። ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ የሚገኘውን የሕይወት መለዋወጥ አንድ ተራራ ላይ ማየት ይቻላል።

አንድ ዓይነት አየር ጠባይ ዝምድና የሌላቸውን ሕያዋን ሳይቀር ያመሳስላቸዋል። የአሜሪካ በረሃ ካክተስና የአፍሪካ ቁልቋል ዘራቸው የተራራቀ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ግንዳቸው ውስጥ ውሃ ያጠራቅማሉ፣ ሁለቱም እሾህ አላቸው። ስለዚህ ባዮም የዘር ዝምድናን ሳይሆን የአኗኗር ዘዴን ይናገራል።

ዋና ዋናዎቹ የትኞቹ ናቸው?

ቁጥሩ እንደ ቆጣሪው ይለያያል። በ2001 የወጣና ዛሬም በስፋት የሚሠራበት ካርታ የብሱን በ14 ባዮሞች ይከፍለዋል። እዚህ ጎላ ጎላ ያሉትን እናያለን።

ሞቃታማ የዝናብ ደን ከየብሱ ወደ 6 በመቶ ብቻ ይሸፍናል፤ ከምድር ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው መኖሪያው እዚያ ነው። ይህን ልምላሜ ያየ ሰው አፈሩ ለም ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን ተቃራኒው ነው። ዶፍ ዝናብ ማዕድኑን አጥቦ ስለሚወስድ ሀብቱ ያለው በአፈሩ ሳይሆን በዕፅዋቱ ገላ ውስጥ ነው። የወደቀው ቅጠል በፍጥነት በስብሶ ሥሮች ወዲያው ይመልሱታል። ዛፉ ተቆርጦ ሲቃጠል አመዱ ለጥቂት ዓመታት ሰብል ያበቅላል፣ ከዚያ መሬቱ ይደክማል። አማዞን ታጥቦ ከሚሄድበት ፎስፈረስ ጥቂቱን የሚተካለት ደግሞ ከሰሃራ በነፋስ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣ አቧራ ነው። በሳተላይት መረጃ የተደረገ አንድ ግምት በየዓመቱ ወደ 22,000 ቶን ፎስፈረስ በዚህ መንገድ እንደሚደርሰው ያሳያል። ደረቁ በረሃ ለእርጥቡ ደን ማዳበሪያ ያቀርባል።

ሳቫና ሣርና ተራርቀው የቆሙ ዛፎች አብረው የሚኖሩበት፣ ዝናብና ድርቅ የሚፈራረቁበት ነው። በዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብባቸው ብዙ ስፍራዎች ደንም ሳቫናም ሊኖር ይችላል። ሣሩን ከዛፉ የሚጠብቁለት እሳትና ግጦሽ ናቸው። ሳቫና ሰው ደን መንጥሮ የፈጠረው ነው የሚለው አባባል በአብዛኛው ስሕተት ነው፤ የሞቃት አገር ሣሮች መስፋፋት የጀመሩት ከዛሬ 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዘመናዊው ሰው ከመፈጠሩ እጅግ አስቀድሞ ነው። ሴራዶ የሚባለው የብራዚል ሳቫና 2 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ አብዛኛው የዕፅዋቱ ክብደት ከመሬት በታች ስለሆነ «ተገልብጦ የቆመ ደን» ይሉታል። ለእርሻና ለግጦሽ ግማሽ ያህሉ ጠፍቷል፤ ይህ ጥፋት ግን የአማዞንን ያህል ሲወራ አይሰማም።

በቀዝቃዛው አካባቢ ያሉት የሣር ምድሮች፣ የሰሜን አሜሪካ ፕሬሪ፣ የዩራሲያ ስቴፕና የደቡብ አሜሪካ ፓምፓስ፣ ጥልቅ ሥሮቻቸው ለሺህ ዓመታት እየበሰበሱ በዓለም እጅግ ለም የሆነውን ጥቁር አፈር ሠርተዋል። ዛሬ ከዓለም ስንዴ ብዙው የሚመረተው በዚህ አፈር ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሣሩ ተገልብጦ ከታረሰ በኋላ በ1930ዎቹ ድርቅ ሲመጣ አፈሩን የሚይዘው ሥር አልነበረም፤ ነፋስ አንሥቶ ሰማይ አጨለመበት።

በረሃ በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር በታች የሚዘንብበት ነው፤ ሙቀት መለኪያው አይደለም። በእስያ ያለው ጎቢ ቀዝቃዛ በረሃ ነው፤ በዝናብ ማነስ ከተለካ ከሁሉ የሚሰፋው አንታርክቲካ ነው። ሞቃቱ ወቅት ደረቅ፣ ቀዝቃዛው ወቅት ዝናባማ የሆነው የሜዲትራኒያን ቁጥቋጦ በአምስት የዓለም ክፍሎች ብቻ ይገኛል፦ በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ በካሊፎርኒያ፣ በመካከለኛው ቺሊ፣ በደቡብ አፍሪካ ኬፕና በደቡባዊ አውስትራሊያ። በትንሹ የኬፕ ክልል ወደ 9,000 የዕፅዋት ዝርያዎች ሲኖሩ 70 በመቶ ያህሉ ሌላ ቦታ የሉም። ቅጠሉን ከቀዝቃዛው ወቅት በፊት የሚያረግፈው ደን በአውሮፓ፣ በምሥራቅ አሜሪካና በምሥራቅ እስያ ይገኛል። ከእርሱ በስተሰሜን ከስካንዲኔቪያ በሩሲያ አልፎ እስከ ካናዳ የሚዘረጋው ታይጋ አለ፤ ባለ መርፌ ቅጠል ዛፎች ያሉበት፣ በየብስ ላይ ካሉት የደን ባዮሞች ሰፊው ነው። ዛፍ ከሚቆምበት ወሰን አልፎ ደግሞ ከሥሩ ያለው አፈር ዓመቱን ሙሉ እንደ በረዶ ረግቶ የሚቆየው ታንድራ ይመጣል።

ውሃውን መርሳት አይገባም፤ ውቅያኖስ ከምድር ገጽ 71 በመቶውን ይይዛል። በላዩ የሚንሳፈፉት ረቂቅ ዕፅዋት በምድር ላይ በብርሃን ከሚሠራው ምግብ ግማሽ ያህሉን ያመርታሉ። ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀትም ሕይወት አለ። በ1977 ከጋላፓጎስ አቅራቢያ ከባሕር ወለል በሚፈልቅ ትኩስ ውሃ ዙሪያ የተገኘው ማኅበረሰብ መሠረቱ ፀሐይ ሳትሆን ከፍል ውሃው ኬሚካል ጉልበት የሚያወጡ ባክቴሪያዎች ናቸው።

በረሃና በረሃማነት አንድ ናቸው?

አይደሉም። በረሃ በተፈጥሮ የኖረ፣ የራሱ ሕይወት ያለው ባዮም ነው። በረሃማነት ግን በ1994 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እንደሚተረጉመው፣ በደረቅና በከፊል ደረቅ አካባቢዎች መሬት በአየር ንብረት መለዋወጥና በሰው ሥራ ሲጎሳቆል ነው። መታገል ያለበት ሁለተኛውን ነው። በረሃን ራሱን እንደ በሽታ ማየት ሌሊት ቀዳዳቸውን ከፍተው የሚተነፍሱ ዕፅዋትን፣ ዘራቸው ለዓመታት ዝናብ የሚጠብቅ አበቦችን እንደሌሉ መቁጠር ነው።

ዛፍ መትከል ሁልጊዜ ይጠቅማል?

ደን በነበረበት ስፍራ፣ የዚያው ስፍራ ዝርያ ሲተከል በእጅጉ ይጠቅማል። በጥንታዊ ሣር ምድር ላይ ግን ጥላው ብርሃን ወዳዶቹን ሣሮችና አበቦች ይገድላል፣ ሣሩን ተከትለው የሚኖሩት እንስሳትም ይሰደዳሉ። ውሃም ይቀንሳል። ደቡብ አፍሪካ ከውጭ የመጡ ጥዶች፣ ግራሮችና ባሕር ዛፎች ምንጮቿንና ወንዞቿን ስለመጠጡባት ከ1995 ጀምሮ እነዚህን ዛፎች በሺዎች በሚቆጠሩ ሠራተኞች የሚያስነቅል የመንግሥት ፕሮግራም አላት። በካርቦን በኩልም ቢታይ ሣር ምድር ካርቦኑን በአብዛኛው ከአፈር በታች ስለሚያስቀምጥ እሳት ሲያልፍበት ብዙው አይነካም፤ የተተከለ ደን ሲቃጠል ግን ለዓመታት ከመሬት በላይ ያከማቸውን ያጣል።

መሬቱ ምን እንደነበር የሚናገሩ ምልክቶች አሉ። ከእሳት በኋላ መልሰው የሚያቆጠቁጡ ባለ ወፍራም ሥር ዕፅዋት፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ብርሃን ወዳድ ዝርያዎች፣ በሐይቅ ጭቃ የተቀበረ የሣር ብናኝ፣ በአፈሩ ውስጥ የቀረ የካርቦን ዓይነት። ችግኝ ከመውሰድ በፊት እነዚህን መመርመር ከችግኙ ወጪ ያነሰ ዋጋ ያስከፍላል፤ የታረሰ ጥንታዊ ሣር ምድር ወደ ቀድሞ ዝርያዎቹ ለመመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላልና።

የአየር ንብረት ሲለወጥስ ባዮሞች ይንቀሳቀሳሉ?

እየተንቀሳቀሱ ነው። በታንድራ ቁጥቋጦ እየበዛ ነው፣ በተራሮች ላይ ዕፅዋት ወደ ላይ እየወጡ ነው፤ ጫፍ ላይ የነበሩት ግን የሚሄዱበት የላቸውም። ከሁሉ የሚያሳስበው የቀዘቀዘው አፈር ነው፤ በከባቢ አየር ካለው ካርቦን እጥፍ ገደማ ይዟል፣ ሲቀልጥም ረቂቅ ተሕዋስያን አብስብሰው ወደ አየር ይለቁታል።

ግሊሰን እንዳለው ማኅበረሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ በአንድነት አይሰደድም። ወፍ በአንድ ወቅት ይበራል፣ ዛፍ በዘሩ በኩል በትውልድ ይራመዳል፣ አፈር ባለበት ይቀራል። አበባው ቀድሞ ሲፈካ የሚያዳቅለው ነፍሳት ገና ላይነቃ ይችላል። በዚህ የተነሣ የተራቆተ ደን የሚመልሱ ባለሙያዎች ዛሬ የቀድሞውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም አየር ማስላት ጀምረዋል። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ለችግኝ የሚሆነውን ዘር የምትመርጥበትን ደንብ ቀይራ፣ ከዚያው አካባቢ ዘር ብቻ ከመልቀም ይልቅ ችግኙ ሲያድግ የሚያጋጥመው ሙቀት ዛሬውኑ ካለበት ሞቅ ያለ ስፍራ ዘር እንዲመጣ ፈቅዳለች።